ምላስና ሚዛን፦ የሞዘል ነጭ ወይን ጠጅ ቃላት ከየት መጡ?

«ወይን ጠጅ» በአማርኛ የመጠጥም የቀለምም ስም ነው። ወይን ጠጅ ቀሚስ፣ ወይን ጠጅ ሻሽ ስንል ቀይና ሰማያዊ የተቀላቀሉበትን ቀለም ማለታችን ነው። ስለዚህ «ነጭ ወይን ጠጅ» የሚለውን ቃል በቃል ለያዘው ሰው ነገሩ ግራ ነው። ጠርሙሱን ከፍቶ ለቀዳ ሰው ደግሞ ግራ መጋባቱ ይብሳል፤ ብርጭቆው ውስጥ ያለው ነጭም አይደለም። ገና ወጣት ከሆነ አረንጓዴ ያዘለ ቢጫ፣ ዓመታት ካስቆጠረ ወርቃማ ነው። ጀርመኖችም «ቫይስቫይን»፣ ነጭ ወይን፣ ይሉታል። ነጭ የተባለው ከቀዩ እንዲለይ ብቻ ነው።

የወይን ጠጅ ቃላት ጠባያቸው እንዲህ ነው። ስሙ የወጣበት ምክንያትና ዛሬ በስሙ የሚጠራው ነገር ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። በጀርመኑ የሞዘል ሸለቆ ደግሞ ይህ ጎልቶ ይታያል። አንድ የሞዘል ጠርሙስ ላይ የመንደሩ ስም፣ የተዳፋቱ ስም፣ የወይኑ ዘር፣ የለቀማው ዓይነት፣ የጣፋጭነቱ ደረጃና የመንግሥት ቁጥር ተደርድረው ይገኛሉ። እነዚህን ቃላት አንድ በአንድ ሥራቸውን ስንከተል የምንደርስበት ጥያቄ አንድ ነው፦ ጥሩውን ከመጥፎው የሚለየው ማን ነው? አንዴ አበምኔት ለየ፣ አንዴ መስፍን፣ አንዴ መለኪያ፣ አንዴ ሕግ። ምላስም ከእነዚህ ሁሉ ጋር ሲከራከር ኖሯል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወይንና ቫይን

የእኛ «ወይን» እና የጀርመኖቹ «ቫይን» የሚመሳሰሉት በአጋጣሚ አይደለም። የጀርመንኛው ቃል ከላቲኑ «ዊኑም» የተወሰደ ነው። ላቲኑ ከግሪኩ «ኦይኖስ»፣ ከአርመኑ «ጊኒ» እና ከጆርጂያው «ግቪኖ» ጋር ይዛመዳል። በእኛ በኩል የግእዙ «ወይን»፣ የዕብራይስጡ «ያይን» እና ጥቁር የወይን ፍሬን የሚጠራው የዐረብኛ «ወይን» በአንድ መስመር ይሰለፋሉ። ሴማውያኑ ከአውሮፓውያኑ ወገን ወሰዱት? አውሮፓውያኑ ከሴማውያኑ? ወይስ ሁለቱም ከካውካሰስ አካባቢ ከነበረ ሦስተኛ ሕዝብ ተቀበሉት? ሊቃውንት እስከ ዛሬ አልተስማሙም። በጆርጂያ በሸክላ ስብርባሪ ላይ ተጣብቆ የተገኘው የወይን ጠጅ ቅሪት ወደ 8,000 ዓመት እንደሚጠጋ በ2017 ሲታወጅ ግን ዓይን ሁሉ ወደ ካውካሰስ ዞሯል።

አማርኛ ይህን ቃል በሁለት በር አስገብቶታል። በአንዱ በር ከግእዝ «ወይን» መጣ፣ በሌላው ከጣልያንኛ «ቪኖ»። ግእዝ «ወይን» ሲል ሐረጉንም ፍሬውንም መጠጡንም ይጠራል፤ ከማር የሚጣለውን መጠጥ ደግሞ «ሜስ» ይለዋል። አማርኛ ግን መነሻውን ማር አደረገና ከወይን ፍሬ የሚወጣውን «የወይን ጠጅ» ብሎ ሰየመው። ለአማርኛ ተናጋሪ ጠጅ ዋናው ነው፤ ወይኑ ቅጽል ነው።

ከሮማውያን የተረፈ

ሞዘል ከፈረንሳይ የቮዥ ተራሮች ተነሥቶ፣ ሉክሰምበርግን ከጀርመን እየለየ፣ ትሪር ከተማን አልፎ ኮብሌንዝ ላይ ከራይን ወንዝ ይገናኛል። ሮማውያን «ሞሴላ» አሉት፤ «ትንሿ ሞሳ» ማለት ነው፤ ሞሳ ዛሬ ማስ ወይም ሜዝ የሚባለው ወንዝ ነው። ኮብሌንዝም «ኮንፍሉዌንቴስ» ከሚለው ላቲን የመጣ ነው፤ ሁለት ውኆች የሚገጥሙበት መገናኛ ማለት ነው። ባለቅኔው አውሶኒየስ በ371 ገደማ ስለ ወንዙ ረጅም የላቲን ግጥም ሲጽፍ በሁለቱ ዳርቻ የወይን ተክል የለበሱትን ኮረብታዎች አወድሷል። በፒስፖርት መንደር ግርጌ በ1985 የሮማውያን ትልቅ የወይን መጭመቂያ ተቆፍሮ ወጥቷል።

ሮማውያኑ ሄዱ፤ የሙያ ቃላቸው ግን ከጀርመኖቹ አፍ አልወጣም። የወይን ገበሬው «ቪንትሰር» ከላቲኑ «ዊኒቶር» ነው። ገና ያልተብላላው ጭማቂ «ሞስት» ከ«ሙስቱም»፣ ምድር ቤቱ «ኬለር» ከ«ኬላሪዩም»፣ ጽዋው «ኬልሽ» ከ«ካሊክስ» ወጡ። ከሁሉ ደስ የሚለው «ኬልተር» ነው፤ መጭመቂያ ማለት ነው። ሥሩ በእግር መርገጥን የሚያመለክተው የላቲን ግስ ሲሆን የዚያም ሥር «ካልክስ»፣ ተረከዝ ነው። ዛሬ በሞዘል ወይን የሚጨመቀው አየር በሚነፋበት የብረት መሣሪያ ነው፤ ተረከዙ ግን በስሙ ውስጥ አለ። በግእዝም «ኬደ» ማለት ረገጠ ነው፤ የመርገጫው ቦታ «ምክያድ» ይባላል።

ኮምጣጤም ከዚሁ ወገን ነው። ጀርመንኛው «ኤሲሽ» ከላቲኑ «አኬቱም» የመጣ ሲሆን በመንገድ ላይ ሁለቱ ተነባቢዎች ቦታ ተለዋውጠዋል። የእኛ «አቼቶ» በጣልያንኛ በኩል ከዚያው «አኬቱም» የደረሰን ነው። ስለዚህ ትሪር ያለው ጀርመናዊና አዲስ አበባ ያለችው እመቤት ሰላጣ ላይ የሚያፈሱትን ነገር የሚጠሩት በአንድ የሮማ ቃል ነው፤ ድምፁ ግን አንዱ ሌላውን እንዳያውቀው አድርጎ ተለውጧል።

የሮማውያኑ ሌላ ርስት የቦታ ስም ነው። ብሬም መንደር አጠገብ ያለውና ወደ 65 ዲግሪ የሚደርሰው ቀጥ ያለ የወይን ገደል «ካልሞንት» ይባላል፤ ብዙዎች «ሞቃቱ ተራራ» ከሚል ላቲን ያወጡታል። ከዚያ በኋላ የመጡት የጀርመንኛ ስሞች ደግሞ ገበሬው ራሱ ያወጣቸው ይመስላሉ። «ትሬፕሽን» ትንሿ ደረጃ ናት፤ ወደ ማሳው በድንጋይ ደረጃ ስለሚወጣ ነው። «ቩርትስጋርተን» የቅመም አትክልት ቦታ ነው፤ «ሂመልራይሽ» መንግሥተ ሰማያት። «ዞነንኡር» የፀሐይ ሰዓት ማለት ነው፤ በቬለን መንደር ፊት ለፊት ዓለቱ ላይ በ1842 የተሠራው የፀሐይ ሰዓት እስከ ዛሬ ቆሟል። ሰዓት የተተከለበት ቦታ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ ነውና፣ ስሙ ለገዢ መልካም ምስክር ነው።

መራጩ መስፍንና ቀማሹ

የሞዘል ነጭ ወይን ጠጅ ዝነኛ ዘር «ሪስሊንግ» ነው። ስሙ በመዝገብ የታየው በ1435 ነው፤ በማይን ወንዝ ዳር በምትገኘው ሩሰልስሃይም የካትሰንኤልንቦገን መስፍን የሒሳብ ሹም ለሐረግ ችግኝ ያወጣውን ወጪ ሲጽፍ ነው የተመዘገበው። በ1465 ደግሞ በትሪር የሚገኝ ሆስፒታል ተመሳሳይ ስም ያለው ችግኝ ገዝቷል። የስሙ ሥር አልተቆረጠም። አንዳንዶች አበባው በብርድ ፍሬ ሳይዝ የሚረግፍበትን «ፈርሪዘልን» የሚለውን ግስ ያነሣሉ፤ ሌሎች የሐረጉን ጠቆር ያለ እንጨት። ከእሱ በፊት ሸለቆውን የያዘው «ኤልብሊንግ» የተባለ ሌላ ነጭ ዘር ነበር፤ ስሙን ብዙዎች ከላቲኑ «አልቡስ»፣ ነጭ፣ ያወጡታል። ኤልብሊንግ ብዙ ያፈራል፤ ሪስሊንግ ዘግይቶ ይበስላል፣ ጥቂትም ይሰጣል።

በ1787 የትሪር ሊቀ ጳጳስና መስፍን ክሌመንስ ቬንትሰስላውስ መጥፎ የወይን ሐረግ ተነቅሎ በጥሩ እንዲተካ አዘዘ። ጥሩ የተባለው ሪስሊንግ እንደሆነ በዘመኑ ያልገባው አልነበረም። ሸለቆው ዛሬም ከግማሽ በላይ በሪስሊንግ የተሸፈነው ከዚያ ጀምሮ በተያዘው መንገድ ነው።

የዚህ ሰው ማዕርግ «ኩርፉርስት» ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱን ከሚመርጡት መሳፍንት አንዱ፣ «መራጭ መስፍን» ማለት ነው። «ኩር» ምርጫ ነው። ጀርመኖች ወይን ጠጅ ሲቀምሱ የሚሉት «ኮስተን» ደግሞ ከዚሁ ከጥንቱ የምርጫ ቃል ወገን ነው። የላቲኑ «ጉስቱስ»፣ ጣዕም፣ የእንግሊዝኛውም መምረጥ የሚለው ግስ ከዚያው ሥር ይበቅላሉ። ለጥንቶቹ ሰዎች መቅመስና መምረጥ አንድ ሥራ ነበር ማለት ነው።

የእኛም ወገን ከዚህ አይርቅም። የግእዙ «ጣዕም» በዕብራይስጥ «ጣዓም» ነው፤ ትርጉሙ ጣዕም ብቻ ሳይሆን ማስተዋልና ምክንያትም ነው። በትንቢተ ዮናስ የነነዌ ንጉሥ ያወጀው ዐዋጅ በዚሁ ቃል ተጠርቷል። በመጽሐፈ ዕዝራ ባለው የአራማይክ ክፍልም የፋርስ ነገሥታት ትእዛዝ «ጥዔም» ይባላል። የላቲኑ «ሳፔሬ» ሁለት ፍቺ አለው፦ መቅመስና ጥበብን ማግኘት። ዝምድና የሌላቸው ቋንቋዎች ምላስንና ፍርድን ለየብቻቸው አገናኝተዋል።

ለቀማ፣ ንባብና የዘገየው መልእክተኛ

በጠርሙስ ወረቀቱ ላይ ጎልተው የሚጻፉት የደረጃ ቃላት ግን የተወለዱት ከምላስ አይደለም። አብዛኞቹ የመጡትም ከሞዘል ጎረቤት ከራይንጋው ነው።

«ካቢኔት» የፈረንሳይ ቃል ነው፤ ትንሽ የተዘጋ ክፍል ማለት ነው። ሚኒስትሮች በንጉሥ እልፍኝ ተሰብስበው ስለሚመክሩ «ካቢኔ» የሹማምንት ጉባኤ ሆነ፤ ለእኛም የደረሰን በዚህ ትርጉሙ ነው። በራይንጋው የኤበርባህ ገዳም ያሉ ሲስተርሲያን መነኮሳት ግን በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ምርጥ ወይን ጠጃቸውን በአንድ ልዩ ምድር ቤት ይቆልፉ ነበር፤ እዚያ የገባውም የ«ካቢኔት» ወይን ተባለ። ዛሬ ባንኮኒ ላይ ካቢኔት ከደረጃዎቹ ሁሉ ዝቅተኛው ነው። አንድ ቃል ከቁልፍ በታች ተነሥቶ እስከ ታችኛው መደርደሪያ እንዴት ወረደ? መልሱ ወደ ኋላ ይመጣል።

«ሽፔትሌዘ» ዘግይቶ የተለቀመ ማለት ነው። ወሬው ሁሌም የሚተረከው ከራይንጋው የዮሐኒስበርግ ግቢና ከ1775 ዓመት ጋር ተያይዞ ነው። ግቢው የፉልዳ ጳጳስ ንብረት ስለነበር ለቀማ የሚጀመረው የጳጳሱ ፈቃድ በፈረሰኛ ሲመጣ ነው። በዚያ ዓመት ፈረሰኛው ዘገየ። ፍሬው በሐረጉ ላይ ሻገተ። የተለቀመው ሌላ ምርጫ ስለሌለ ነበር፤ የወጣው ወይን ጠጅ ግን የቀመሰውን ሁሉ አስደነቀ። ለዚያ ፈረሰኛ ዛሬ በግቢው ሐውልት ቆሞለታል። በመዘግየት ሐውልት ያገኘ መልእክተኛ ብዙ አይገኝም።

«ሌዘ» የመጣው «ሌዘን» ከሚለው ግስ ነው፤ ሁለት ትርጉም አለው፦ ለቀመ እና አነበበ። ላቲኑም «ሌጌሬ» ሲል ሁለቱንም ያደርጋል። ለጀርመንና ለሮማ ንባብ ፊደልን ከገጽ መልቀም ነው። ግእዝ ሌላ መንገድ መርጧል፤ «ነበበ» ተናገረ ነው፤ አነበበ ማለት ጽሑፉን አናገረው ማለት ነው። ቡና ለቀማን የሚያውቅ ሰው ግን የጀርመኖቹን ሐሳብ ወዲያው ይረዳል፤ ቀዩን ከአረንጓዴው መለየት ዓይን የሚሠራው ንባብ ነው።

«አውስሌዘ» ከለቀማ ውስጥ የተመረጠ ነው፤ ዘለላው ተለይቶ ሲቆረጥ። «ቤረንአውስሌዘ» ፍሬ በፍሬ ሲመረጥ። «ትሮክንቤረንአውስሌዘ» ደግሞ ሐረጉ ላይ እስኪደርቅ የቆየው ፍሬ ብቻ ሲለቀም ነው። ፍሬውን የሚያደርቀው ሻጋታ «ቦትሪቲስ ሲኔሬያ» ይባላል፤ ከግሪኩ ዘለላና ከላቲኑ አመድማ የተገጠመ ስም ነው። ሻጋታው ቆዳውን ይበሳና ውኃውን ያስወጣዋል፤ ስኳሩና ኮምጣጣነቱ ይጠራቀማሉ። ጀርመኖች «ኤደልፎይለ»፣ የተከበረ ብስባሽ፣ ይሉታል። «አይስቫይን» የበረዶ ወይን ነው፤ ፍሬው ቢያንስ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ቀዝቅዞ በረዶ ሳለ ይጨመቃል፤ ውኃው በረዶ ሆኖ ይቀርና ጣፋጩ ብቻ ይወርዳል።

ወይፈኑና ስኳሩ

በፎርትስሃይም ከተማ ክርስቲያን ፈርዲናንድ ኤክስለ (1774–1852) የተባለ የወርቅና የመሣሪያ ሠሪ ይኖር ነበር። ጭማቂ ውስጥ ሲጨመር ከፍ ዝቅ የሚል መለኪያ አሻሻለ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ አንድ ሊትር ውኃ 1,000 ግራም ይመዝናል፤ አንድ ሊትር ጭማቂ 1,080 ግራም ከመዘነ፣ ትርፉ 80 ነውና 80 ኤክስለ ይባላል። ትርፉ ባብዛኛው ስኳር ነው። በደቡብ ጀርመን ቀበልኛ «ኤክስለ» ትንሽ በሬ ማለት ነው፤ የሰውየው የቤተሰብ ስም ነው። እንዲህ ሆኖ የወይን ጭማቂ በወይፈን ይለካል።

በትሪር ደግሞ ሉድቪሽ ጋል (1791–1863) ነበረ። ብርዳም ዓመት ላይ ፍሬው ሳይበስል የተቸገሩ ገበሬዎች፣ ጭማቂው ኮምጣጣና ስኳር የጎደለው ሲሆንባቸው፣ ስኳርና ውኃ ጨምረው እንዲያስተካክሉት አስተማረ። ድርጊቱ በስሙ «ጋሊዚረን» ተባለ። ድሃ ገበሬዎችን ከኪሳራ አድኗል፤ የማይወዱትም ነበሩ። ስኳር ያልነካው ራሱን «ናቱርቫይን»፣ የተፈጥሮ ወይን፣ ብሎ መለየት ጀመረ። በ1910 በአገር ደረጃ የተቋቋመው የምርጥ አምራቾች ማኅበር መጀመሪያ ስሙን ያወጣው በዚሁ «ናቱርቫይን» ነበር። ዛሬ ይኸው ቃል በሌላ ፋሽን ተመልሷል፤ የያኔው ጥያቄ ግን አንድ ብቻ ነበር፦ ስኳር ተጨምሯል ወይስ አልተጨመረም?

በ1971 የወጣው የጀርመን የወይን ሕግ እነዚህን ሁሉ ቃላት ሰብስቦ በኤክስለ መለኪያ አሰራቸው። ካቢኔት ወደ 70 ገደማ፣ ሽፔትሌዘ ትንሽ ከዚያ በላይ፣ አውስሌዘ ከሁለቱ ከፍ ብሎ፣ ትሮክንቤረንአውስሌዘ ቢያንስ 150። ካቢኔት ከምርጥነት ወደ ታችኛው እርከን የወረደው ያን ጊዜ ነው፤ መነኮሳቱ የቆለፉበትን ምክንያት ሕጉ አልጠየቀም፣ ክብደቱን ብቻ ጠየቀ። እነዚህ እርከኖች «ፕሬዲካት» ይባላሉ፤ ከላቲን «የታወጀ» ማለት ነው። «ናቱርቫይን» ተከለከለ። ገበሬው «ፋይን»፣ «ፋይንስተ»፣ «ሆህፋይንስተ» እያለ ከአንድ ማሳ የወጡ በርሜሎቹን በምላሱ የሚያበላልጥበት ቃልም ተከለከለ። ያ በርሜል «ፉደር» ነው፤ 1,000 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ቃሉ መጀመሪያ የአንድ ጋሪ ጭነት ማለት ነበር።

ገበሬዎቹ ግን ዝም አላሉም። ቃል ሲነፈጋቸው ምልክት አወጡ። ከተለመደው አውስሌዘ የላቀውን ጠርሙስ በወርቃማ ቆብ መሸፈን ጀመሩ፤ ከዚያም የላቀውን በረጅም ወርቃማ ቆብ። ሌሎች ኮከብ አደረጉ። ወረቀቱ ላይ መጻፍ የማይፈቀደውን ቆቡ ይናገራል።

ሕጉ የቦታ ስሞችንም አቀላቅሏል። በአገሪቱ ከ30,000 ገደማ የነበሩት የማሳ ስሞች ወደ 2,600 ገደማ ወረዱ፤ በላዩ ደግሞ ብዙ መንደሮችን የሚያጠቃልሉ ሰፋፊ ስሞች ተፈጠሩ። ፒስፖርት ላይ «ጎልድትሮፕሽን»፣ የወርቅ ጠብታ፣ የሚባለው ቀጥ ያለ ዝነኛ ተዳፋት አለ። «ሚሸልስበርግ» ደግሞ ከብዙ መንደር ለጥ ካለ መሬት ጭምር የሚሰበሰበውን የሚሸፍን ሰፊ ስም ነው። ሁለቱም ጠርሙሶች ፊታቸው ላይ «ፒስፖርት» ይላሉ፤ ልዩነቱን የማያውቅ ገዢ ግን አንዱን ብሎ ሌላውን ይዞ ይሄዳል።

ደረቅ

ጀርመንኛው «ትሮክን» ደረቅ ማለት ነው፤ በመጠጡ ውስጥ ስኳር ያልቀረበት ወይን ጠጅ እንዲህ ይባላል። ይኸው ቃል «ትሮክንቤረንአውስሌዘ» ውስጥ አለ፤ ያ ግን ከሁሉ ጣፋጩ ነው። በመጀመሪያው ቃል የደረቀው መጠጡ ነው፤ በሁለተኛው የደረቀው ፍሬው ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ምግብ ሊያወራርድበት የገዛው ጠርሙስ እንደ ሽሮፕ ወፍሮ ይመጣበታል።

የጠጅ ቤት ሰው ይህን ለመረዳት ትምህርት አያስፈልገውም። ጠጅ ቤት «ለስላሳ፣ መካከለኛ ወይስ ደረቅ?» ተብሎ ይጠየቃል። ለስላሳው ማሩ የሚሰማበት ነው፤ ደረቁ እርሾው ማሩን በልቶ የጨረሰበትና የከረረው ነው። በሞዘልም ሒሳቡ ይኸው ነው። ስኳር ወይ ወደ አልኮል ይለወጣል፣ ወይ ጣፋጭ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ 8 በመቶ አልኮል ያለው ካቢኔት ጣፋጭነት አለው፤ 12 በመቶ የደረሰው ደረቅ ነው። ወረቀቱ ባይናገር እንኳ ይህ ቁጥር ይናገራል።

ሕጉ ደግሞ ለድርቀት ድንበር አበጅቶለታል። በሊትር እስከ 4 ግራም ስኳር ያለው ትሮክን ነው፤ እስከ 9 ግራምም ይፈቀድለታል፣ ስኳሩ ከኮምጣጣነቱ ከ2 ግራም በላይ ካልበለጠ። 9 ግራም ስኳርና 7 ግራም አሲድ ያለው ወይን ጠጅ በሕግ ደረቅ ነው። እዚህ ላይ ሕጉ ከምላስ ጋር ተስማምቷል፤ ኮምጣጣው ጣፋጩን ይሸፍነዋልና። ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለው ከፊል ደረቅ፣ «ሃልብትሮክን»፣ ይባላል። ብዙ ገበሬዎች ይህ «ከፊል» ደንበኛን ያሸሻል ብለው «ፋይንሄርፕ» የሚል ቃል ይመርጣሉ፤ ስልት ያለው መራር እንደ ማለት ነው። ሕጉ ለዚህ ቃል ቁጥር አልሰጠውም። ስለዚህ ቀማሹ የሚያምነው የአምራቹን ምላስ ነው።

የከረመና የላምባ ሽታ

ቀማሾች ከሚናገሯቸው ቃላት ሁለቱን ብቻ ቀረብ ብለን እንይ። ያረጀ ሪስሊንግን ጀርመኖች «ፊርን» ይሉታል። በጥንቱ ጀርመንኛ ያለፈው ዓመት፣ አሮጌ ማለት ነው፤ በአልፕስ ተራራ ላይ ከበጋ የተረፈውን የዐምናውን በረዶም በዚሁ ቃል ይጠሩታል። አማርኛ ለዚህ አቻ አለው። «ከረመ» ሥሩ ክረምትን ማሳለፍ ነው፤ «የከረመ» የምንለው ነገር ክረምት አልፎበታል። ሁለቱም ቋንቋ ዕድሜን የሚቆጥሩት በሚያልፍ ወቅት ነው።

የከረመ ሪስሊንግ ሌላ ምልክት አለው፦ የላምባ ሽታ። ፍሬው ብዙ ፀሐይ ሲያገኝ የሚፈጠሩ ውሕዶች በጠርሙስ ውስጥ ሲፈራርሱ ይህን ሽታ ያመጣሉ። ለማያውቀው ጉድለት ነው፤ ለሚያውቀው፣ መጠኑን እስካላለፈ፣ የዕድሜ ማኅተም ነው። ገና የአንድ ዓመት ወይን ጠጅ ላይ በርትቶ ሲሸት ግን ብዙ ቀማሾች አይምሩትም። ሌላው ብዙ የሚነሣ ነገር ድንጋዩ ነው። «ሺፈር» ተሰንጥሮ በሳህን በሳህን የሚነሣ ጥቁር ወይም ቀይ ድንጋይ ነው፤ ስሙም ከስንጥር የመጣ ነው። ቀን የሚጠጣውን ሙቀት ሌሊት መልሶ ስለሚሰጥ ፍሬው በዚህ ብርዳም አገር እንዲበስል ይረዳዋል። ብርጭቆው ውስጥ ድንጋዩን ቀመስሁ የሚል ሰው ግን የሚናገረው በምሳሌ ነው፤ ሐረግ ድንጋይ አይጠጣም።

ፍርዱ

በጀርመን የሚሸጥ የጥራት ወይን ጠጅ ሁሉ የመንግሥት ቀማሾች ፊት ይቀርባል። መጀመሪያ ቀለሙና ጥራቱ ይታያል። ቀጥሎ ሽታው፣ ጣዕሙና የሁሉም ስምምነት ለየብቻቸው ከ5 ነጥብ ይሰጣቸዋል፤ በአንዱም ቢሆን ከ1.5 በታች ያገኘ ይወድቃል። ያለፈው የምርመራ ቁጥር ይሰጠዋል። ወረቀቱ ላይ ያለውን ረጅም ቁጥር ፈልጉ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች የተመረመረበትን ዓመት ይነግሯችኋል። ከመለኪያው በኋላ ምላስም ቃሉን እንዲሰጥ ሕጉ የተወው ቦታ ይህ ነው፤ ግን ወድቀሃል ወይም አልፈሃል ከማለት አይርቅም።

በ2021 የወጣው ማሻሻያ የጀርመንን ወይን ጠጅ ወደ ቦታ መልሶታል፤ ከ2026 ለቀማ ጀምሮ ደረጃው አካባቢ፣ መንደርና ማሳ እያለ ይጠባል። ኤክስለ አይጠፋም፤ ግን ብቻውን አይፈርድም። ለዚህ 50 ዓመት ፈጅቷል።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ከእነዚህ ቃላት ዕድሜና እምነት ያላቸው ምላስ የወለዳቸው ናቸው። ካቢኔት ከላይ ወደ ታች ወድቋል፣ ናቱርቫይን ተከልክሎ በሌላ ትርጉም ተመልሷል፤ ደረቅ፣ መራርና የከረመ ግን ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ጠርሙስ ስትገዙ የአልኮሉን ቁጥር፣ የማሳውን ስምና የአምራቹን ስም ተመልከቱ፤ ስትቀምሱ ደረቁን ከጣፋጩ፣ ወጣቱን ከከረመው አስቀድሙ። ስለ ወይን ጠጅ በአማርኛ የምትጽፉ ደግሞ «ድራይ» እና «ሚዲየም» ብላችሁ በፊደላችን አትጻፉ። ደረቅ፣ መካከለኛና ለስላሳ ጠጅ ቤት ውስጥ ተፈትነው አልፈዋል።